ሦስት እሳት፣ ሦስት ከፍታ፦ የጓሮ ኩሽናና የጥብስ ቦታ አሠራር

የጓሮ ኩሽና ለመሥራት ያሰበ ሰው ስልኩን ከፍቶ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚመጣለት የሚያብረቀርቅ ብረት፣ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ የግራናይት ጠረጴዛና ሽርጥ የታጠቀ ሰው ሥጋ የሚገለብጥበት የጋዝ መጥበሻ ነው። ያምራል። ግን የእኛን ቤት ሥራ አያውቀውም። እኛ ጓሮ ወጥተን የምንሠራው እንጀራ ነው፣ በዓል ሲመጣ ጥብስ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ቡና። የእንጀራው እሳት ሰፊና ጭሳም ነው፤ የጥብሱ ነበልባል የሌለው ፍም ይፈልጋል፤ የቡናው እፍኝ ከሰል ይበቃዋል። ሦስቱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ በእኩል ቁመት ከደረደራችኋቸው አንዱ ወገብ ይቆርጣል፣ ሌላው ፊት ይለበልባል።

ስለዚህ ሥራውን ከጠረጴዛው ሳይሆን ከእሳቱ እንጀምራለን። ከዚህ በታች ያለው 4 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል ለሆነ ቦታ የሚሆን ነው። በአብዛኛው የአዲስ አበባ ግቢ ጓሮ ይገባል። አንድ ግንበኛ፣ አንድ ረዳትና ለጥቂት ሰዓት የሚመጣ በያጅ ከተገኘ ይጠናቀቃል፤ አብዛኛው ቀን የሚያልፈው ሲሚንቶ እስኪጠነክር በመጠበቅ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲጠነክር፣ ጥቅምት ላይ ብትጀምሩ ለገና ትደርሳላችሁ።

መጀመሪያ ጭሱን ፈትኑ

ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። የከሰል ምድጃ ላይ ትንሽ ፍም አድርጉና እፍኝ እርጥብ ጭድ ወይም የባሕር ዛፍ ቅጠል ጣል አድርጉበት። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት አንድ ጊዜ፣ አመሻሽ ላይ አንድ ጊዜ። የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ብሎኬት ከተገነባ በኋላ ግን ጭሱን መለመን አይቻልም።

እኛ ቤት የመጀመሪያው ሲሠራ ይህን ያየ ሰው አልነበረም። አጥሩ ጥግ ባዶ ቦታ ነበረ፣ እዚያ ገነባን። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ጭሱ አጥሩን ተሻግሮ ጎረቤት የተሰጣ ልብስ ላይ ያርፋል። ጎረቤታችን ሁለት ሳምንት ታገሡና አንድ ቅዳሜ ነጠላቸውን ይዘው መጡ። «እስቲ አሽትቱልኝ» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገሩም።

ጭሱን ካወቃችሁ በኋላ የጥብሱን ቦታ ነፋሱ ወደሚወጣበት ጫፍ፣ ምጣዱን ወደ ሌላው ጫፍ፣ መክተፊያውንና ማጠቢያውን መሀል አድርጉ። ከመኝታ ቤት መስኮት ቢያንስ 3 ሜትር ራቁ። ከፖል ወደ ቤት የሚገባው የመብራት ሽቦ ከላይ የሚያልፍ ከሆነ ቦታውን ተዉት። ጣሪያና ቋሚ ግንብ ስላለው ወረዳ ሄዶ ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ መጠየቅ ደግሞ ቁፋሮ ሳይጀመር ነው፤ ከተገነባ በኋላ ጥያቄው ራሱ ይከብዳል።

አንድ ነገር ግን የማይደራደሩበት ነው፤ ቢያንስ ሁለቱ ጎን ክፍት ይሁን። «ብርድ ነው» ተብሎ በላሜራ ወይም በሸራ ዙሪያውን ከተሸፈነ ኩሽናው የከሰል ጭስ ማጠራቀሚያ ይሆናል። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ሰው እንቅልፍ የያዘው እየመሰለው ነው የሚወድቀው።

ምን ያህል ዕቃ?

ለዚህ መጠን ወደ 14 ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃል፤ ከረጢቱ 50 ኪሎ ስለሆነ 7 ኩንታል ማለት ነው። ባለ 15 ሳንቲም ብሎኬት 65፣ ቀይ ሸክላ ጡብ 60፣ ፌሮ ቁጥር 8፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ለመሠረት የሚሆን ጥቁር ድንጋይ። ብሎኬቱን ስትገዙ አንዱን አንሥታችሁ በጥፍር ፋቁት፤ አሸዋ ሆኖ የሚረግፍ ከሆነ ርካሽነቱ ለእናንተ አይደለም። ጡብ ደግሞ በጡብ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የደነዘዘ ድምፅ ያለው አልበሰለም።

ወለሉ

የላዩን ጥቁር አፈር ጥረጉና እስከ ጠንካራው መሬት ቆፍሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቦታ ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ እሱ ላይ የተቀመጠ ወለል አብሮት ይሰነጠቃል። ከዚያ 20 ሳንቲም ያህል ድንጋይ በእጅ ደርድሩ፤ ክፍተቱን በጠጠር ሙሉና ጠቅጥቁ። በላዩ 10 ሳንቲም ኮንክሪት ይፈስሳል።

የኮንክሪቱ መጠን 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር ነው። 50 በ40 በ18 ሳንቲም የሆነች የእንጨት ሳጥን አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ከሚይዘው ጋር ስለምትቀራረብ በእሷ መስፈር ይቀላል። በአካፋ የሚሰፍር ሠራተኛ ሲደክመው አካፋው እየጎደለ ይሄዳል። ውሃ አታብዙ፤ የቀጠነ ኮንክሪት ለማፍሰስ ይመቻል እንጂ ሲደርቅ ደካማ ነው።

ወለሉ ከቤቱ ራቅ ወዳለው ጎን በሜትር 1 ሳንቲም ተኩል ይዘቅዝቅ። ከፈሰሰ በኋላ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍናችሁ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጡት። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ከዚያ «ሲሚንቶው ጥሩ አልነበረም» ይላል።

ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ረድፍ

የንድፉ ቁልፍ እዚህ ነው። አንድ የብሎኬት ረድፍ ከማልታው (ከሲሚንቶና ከአሸዋ ማያያዣው) ጋር 21 ሳንቲም ይሆናል። መሥሪያ ጠረጴዛው 4 ረድፍ፣ የጥብሱ ቦታ 3 ረድፍ፣ የምጣዱ መቀመጫ 2 ረድፍ። ሌላ ስሌት አያስፈልጋችሁም።

መሥሪያ ጠረጴዛው፦ 4 ረድፍ 84 ሳንቲም፣ የ7 ሳንቲም ሶሌታ (በፌሮ የታሰረ የኮንክሪት ሰሌዳ) ሲጨመርበት 91፤ ኋላ ወለሉ ላይ የሚመጣው ሊሾ 4 ሳንቲም ስለሚበላ ወደ 87 ይወርዳል። ሽንኩርት ለሚከትፍ ሰው እጅ ከክርን በታች 10 ሳንቲም ያህል መሆን አለበት። በቤታችሁ ብዙ የሚሠራውን ሰው አቁማችሁ ክርኑን ለኩ፤ የግንበኛውን ክርን አይደለም።

ከጀርባ ግድግዳ ይቆማል፤ ከግድግዳው ፊት ለፊት ደግሞ አንድ አንድ ብሎኬት የረዘሙ እግሮች ይወጣሉ። በእግር መካከል 60 ሳንቲም ባዶ ይተዋል። ለጥብሱ ሁለት እግር፣ ለመሥሪያው ሦስት እግር፤ በአጠቃላይ 2 ሜትር ከ55 ርዝመት ይመጣል። የጥብሱና የመሥሪያው ከፍታ ስለሚለያይ እግር አይጋሩም፤ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ውሃ ልክና ቱንቢ በየረድፉ ይያዝ። መጀመሪያው ረድፍ ላይ የተሠራ ስህተት አራተኛው ላይ ያፈጥጣል።

የባዶዎቹ ጥቅም ከሰልና እንጨት ማስቀመጫ ነው። ከጥብሱ ሥር ግን ምንም አታስቀምጡ፤ ፍም ይወድቃል።

ለሶሌታው ኮንክሪቱ የሚፈስስበት የጣውላ ቅርጽ፣ ካሳ የሚባለውን፣ አድርጉና ፌሮ ቁጥር 8 በየ15 ሳንቲሙ በሁለቱም አቅጣጫ እሰሩ። ፌሮው ካሳው ላይ እንዳይተኛ ከሥሩ 2 ሳንቲም ጠጠር ይደረግለት። ሶሌታው ከእግሮቹ በ4 ሳንቲም ወደ ፊት ይውጣ፤ ቆሞ የሚሠራ ሰው የእግሩን ጣት የሚያስገባበት ነው። ካሳውን ከ10 ቀን በፊት አትፍቱት።

ለላዩ ከግራናይት መቁረጫ ቤቶች ቁራጭ ጠይቁ፤ ሙሉ ሰሌዳ ከመግዛት በጣም ይቀላል። እብነ በረድ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ሎሚና ቲማቲም ይበላዋል፣ እርድ ያቀልመዋል። በጀት ካለቀ በደንብ የተለሰለሰ የሲሚንቶ ሊሾም ለዓመታት ያገለግላል።

የጥብሱ እሳት ቤት

የመጀመሪያችን ላይ ግንበኛው እሳት ቤቱንም በብሎኬት ሠራውና በሲሚንቶ ለሰነው። ያማረ ነበር። በሁለተኛው ፋሲካ፣ ቤት በእንግዳ በተሞላበት ሰዓት፣ ከፍሙ አጠገብ ያለው ልስን ጠመንጃ እንደተተኮሰ ጮኾ ፈነዳ፤ ዝልዝሉ ላይ አሸዋ ዘነበ። ሥጋውን አጥበን እንደገና ጠበስነው። ያን ቀን ከተጠበሰው የተሳቀው ይበልጣል፤ ዓይን ላይ ቢያርፍ ግን የሚሳቅ አልነበረም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ነው የሚጠነክረው፤ ፍም ሲያገኘው ያ ውሃ ይወጣና ይሰባበራል። በውስጡ የታመቀ እርጥበት እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ይፈነዳል። የወንዝ ድንጋይም እንዲሁ ነው። ሸክላ ጡብ ግን እሳት ውስጥ ተወልዶ የመጣ ነው።

ስለዚህ በ3 ረድፉ ሶሌታ ላይ መጀመሪያ 2 ሳንቲም ደረቅ አሸዋ፣ በላዩ ጡብ በጀርባው ተኝቶ ይነጠፍ። ከዚያ በሦስት ጎን፣ ፊቱ ክፍት ሆኖ፣ 5 ረድፍ የጡብ ግድግዳ ይነሣ። የውስጡ ስፋት 60 ሳንቲም ስለሆነ ጡቡ ልክ በእግሮቹ አናት ላይ ይቆማል።

ማያያዣው ጭቃ ነው። ቀይ ሸክላ አፈር አንድ እጅ፣ የተነፋ አሸዋ ሁለት እጅ ተኩል፣ ከሊጥ ጠንከር እስኪል በውሃ ተቦክቶ ቢቻል ለሦስት ቀን ይደር። እፍኝ ደቃቅ የጤፍ ጭድ ብትጨምሩበት ሲደርቅ አይሰነጠቅም፤ የጭቃ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ግንበኛ ጭቃ ሲባል ፊቱን ያጨማድዳል፣ «ሲሚንቶ ጣል እናድርግበት» ይላል። በውጭው ፊት፣ ዝናብ በሚነካው መጋጠሚያ ላይ ያድርግ። ፍም በሚያየው በኩል አይሆንም።

በጡቦቹ መጋጠሚያ ውስጥ፣ በግራና በቀኝ፣ ባለ 30 ሚሊ አንጎላሬ (የL ቅርጽ ያለው ብረት) ቅበሩ። አንደኛው ረድፍ አናት ላይ ያለው የከሰሉን ማስቀመጫ ይይዛል፤ ከሥሩ የሚቀረው 7 ሳንቲም አመድ መውደቂያና አየር መግቢያ ነው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ረድፍ ላይ ያሉት የጥብሱን ብረት ይይዛሉ፤ ከከሰሉ ማስቀመጫ 7፣ 14 ወይም 21 ሳንቲም። ታችኛው ለዝልዝልና ለቅጽበት ጥብስ፣ መካከለኛው ለጎድንና ለዶሮ፣ ላይኛው ለበቆሎ እሸትና ለዓሣ። አንጎላሬው በሙቀት ስለሚረዝም ጫፉ ላይ 5 ሚሊ ያህል ባዶ ተዉለት፤ ካልተተወ ጡቡን ገፍቶ ያወጣዋል።

የከሰል ማስቀመጫው ባለ 3 ሚሊ ላሜራ ነው፤ ባለ 10 ሚሊ ቀዳዳ በየ4 ሳንቲሙ ይበሳ። ቀጭኑን ላሜራ በያጁ ቢመክራችሁም እምቢ በሉ፤ በአንድ ዓመት ይጣመማል።

የጥብሱ ብረት ላይ ደግሞ ሁለት ነገር አስረግጡ። አንደኛ፣ ለስላሳ ክብ ብረት ይሁን፣ ባለ 8 ሚሊ፣ በየ1 ሳንቲም ተኩል። ጥርስ ያለው ፌሮ በየጥርሱ ስብ ይይዛል፤ ማንም አያጸዳውም። ሁለተኛ፣ በዚንክ የተነከረ ብረት አይሁን። የአጥር ሽቦና የውሃ ቱቦ ዚንክ አላቸው፤ ሲግል የሚወጣው ጭስ ያሳምማል። ቀለምም አያስፈልግም። ስፋቱን 58 ሳንቲም አድርጉት፤ ልክ 60 ከሆነ ሲግል ይነክሳል፣ ማውጣት አትችሉም።

የምጣዱ መቀመጫ

90 በ90 ሳንቲም የሆነ፣ በ2 ረድፍ ብሎኬት ተከብቦ በድንጋይና በጠጠር የተሞላ መደብ ነው። ለምን ዝቅ እንዳለ የገባው ሊጥ አፍስሶ የሚያውቅ ነው። ምጣዱ 60 ሳንቲም ያህል ስፋት አለው፤ ሊጡ ከዳር ተጀምሮ ወደ መሀል ሲዞር እጅ ምጣዱን አልፎ መድረስ አለበት። ምጣዱ ላዩ ከ60 እስከ 65 ሳንቲም ሲሆን ትከሻ ያርፋል። ምድጃችሁን ለኩ፤ 24 ወይም 25 ሳንቲም ቁመት ካለው ሁለት ረድፍ ልክ ይመጣል።

ለምድጃው ራሱ ጉልቻ ከምትገነቡ ምርጥ ምድጃ የሚባለውን ግዙ። ከሲሚንቶና ከቀላል ጠጠር በቁርጥራጭ ተሠርቶ የሚገጣጠም ነው፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ እንጨት ይቆጥባል። ከጀርባው ያለው ጭስ መውጫ ላይ ድስት ይጣዳል፤ ሽሮው እንጀራው ሲያልቅ ይደርሳል።

ማገዶ የሚገባበትን አፍ ጋጋሪዋ ከምትቆምበት ሳይሆን ወደ ጎን አዙሩት፤ ቀሚስ ነው፣ ነጠላ ነው፣ ነበልባል አይመርጥም። ከምጣዱ ቀኝ 60 ሳንቲም ለሊጡ ባልዲና ለሰፌዱ ይቅር። የአከንባሎ ማንጠልጠያ ግድግዳው ላይ ቀድማችሁ ትከሉ፤ ካልተተከለ አከንባሎው መሬት ላይ ይኖራል፣ አንድ ቀን ልጅ ይረግጠዋል።

የኤሌክትሪክ ምጣድም እዚሁ እንዲሠራ ከፈለጋችሁ የራሱ መስመር ይኑረው። 3,500 ዋት የሚበላ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። ባለ 4 ሚሊ ካሬ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ የመሬት መስመርና ክዳን ያለው ሶኬት፤ ይህን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስጡት። የማራዘሚያ ገመድ ላይ የተሰካ ምጣድ እሳት የሚያነሣው ምድጃው ውስጥ አይደለም።

ጣሪያ፣ ውሃ፣ ጋዝ

ቋሚዎቹ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) ይሁኑ። ባሕር ዛፍ ይረክሳል፤ ምስጥ ግን ሂሳቡን ያወራርዳል። ዝቅተኛው ጫፍ ከወለሉ 2 ሜትር ከ40፣ ከፍተኛው፣ በጥብሱ በኩል ያለው፣ 2 ሜትር ከ80 ይሁን፤ ጭስ ሽቅብ እየሄደ ይወጣል። ክዳኑ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ብርሃን ይሰጣል ተብሎ ከፍም በላይ የሚደረግ ላስቲክ ወይም ፋይበር ቀልጦ ይወርዳል። የጣሪያው ውሃ በራሳችሁ ግቢ ይውረድ፤ ወደ ጎረቤት ከወረደ ነጠላውን ይዘው አይመጡም፣ ወረዳ ነው የሚሄዱት።

የማጠቢያው መውረጃ በቀጥታ ወደ ፍሳሽ መስመር አይግባ። በመሀል ክዳን ያላት ትንሽ ጉድጓድ ሥሩ፤ ስቡ ከላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፣ በየወሩ ይጨለፋል። ከበዓል በኋላ ቱቦ የሚደፍነው የረጋ ሞራ ነው።

ቡታጋዝም የምትጠቀሙ ከሆነ ሲሊንደሩ ከጥብሱም ከምጣዱም እሳት በራቀ ክፍት ቦታ ላይ ይቁም። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል፤ በር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ከሆነ ተጠራቅሞ ብልጭታ ይጠብቃል። በየጊዜው መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቀቡት፤ ከኮረፈ ያፈተልካል።

ለቡናው ምንም አትገንቡ። ሊሾው ላይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ባዶ ጥግ፣ ከነፋስ የተጠበቀ፣ ረከቦትና በርጩማ የሚያስቀምጥ፤ ቄጤማው እዚያ ይጎዘጎዛል። ቡና የምታፈላው ሴት ጀርባዋን ለግድግዳ ፊቷን ለሰው አድርጋ እንድትቀመጥ ብቻ አስቡበት።

የመጀመሪያው እሳት

ጭቃው ከተገነባ በኋላ ለሁለት ሳምንት በጥላ ይድረቅ። ከዚያ በመጀመሪያው ቀን እፍኝ ጭራሮ፣ በሁለተኛው ትንሽ ከሰል፣ በሦስተኛው ግማሽ፤ በአራተኛው ቀን ሙሉውን። ጸጉር የመሰለ ስንጥቅ ከታየ አትደንግጡ፤ በቀጭን ጭቃ ይደፈናል። ጣት የሚያስገባ ከሆነ ግን ቶሎ ነድዷል ማለት ነው፤ ያንን ረድፍ አፍርሳችሁ ድገሙት።

አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚሟሽ ሁሉ የጥብሱም ብረት ይሟሻል። በሽቦ አጥባችሁ አድርቁት፤ ፍም ላይ አግሉትና ቁራጭ ሞራ በሹካ ወግታችሁ ከዳር እስከ ዳር አሹት። ይጨሳል፣ ይጠቁራል። ሦስት ጊዜ ድገሙት። ከዚያ በኋላ ሥጋ አይጣበቅበትም፣ ዝገትም አይደፍረውም።

ከሰሉ የግራር ይሁን። ላዩ ነጭ አመድ እስኪለብስ ድረስ ሥጋ አታውጡ። እጃችሁን ከብረቱ በላይ 10 ሳንቲም ያህል ዘርጉ፤ ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ ካሸሻችሁ ለዝልዝል ደርሷል፣ ስድስት ከቆያችሁ ለዶሮ። የባሕር ዛፍ እንጨት ለምጣዱ ይሁን እንጂ ለሥጋ አይነደድ፤ ሽታው ሥጋው ውስጥ ይገባል። ሥጋው ሊነሣ ሲል ጣት የምታህል ደረቅ የወይራ ስንጥር ፍሙ ላይ ጣል ብታደርጉ ግን፣ የወተት ዕቃ የሚታጠንበት ያ ጭስ፣ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል።

አመዱን በበነጋው አውጡ። ሌሊቱን የተዳፈነ ፍም ውስጡ ሊኖር ስለሚችል በላስቲክ ባልዲ ሳይሆን በቆርቆሮ ጣሳ ይሁን። ክረምት ሲገባ ደግሞ ብረቱን ሞራ ቀብታችሁ ቤት አስገቡ፤ ነሐሴ ላይ በቆሎ እሸት ሲመጣ ትፈልጉታላችሁ።